የጊንጥ መርዝ፦ ይዘቱ፣ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና ሊደረግ የሚገባው እርዳታ

ይህ መረጃ የጊንጥ መርዝ ከምን እንደሚሠራ፣ በሰው ሰውነት ውስጥ ጉዳት የሚያደርሰው በምን መንገድ እንደሆነ፣ በጊንጥ የተነደፈ ሰው ምን ዓይነት የመጀመሪያ እርዳታ ማግኘት እንዳለበትና ሕክምናው እንዴት እንደሚሰጥ ለኅብረተሰቡ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው። ለአብነት የተወሰደው በጌዴኦ ዞን የጨለለቅቱና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ሁኔታ ቢሆንም፣ መረጃው ጊንጥ በሚገኝባቸው የአገራችን አካባቢዎች ሁሉ ያገለግላል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• አብዛኛው የጊንጥ ንድፊያ ብርቱ ሕመም ከማስከተል አልፎ ለሕይወት አያሰጋም። ይሁን እንጂ የትኛው ንድፊያ እንደሚከፋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አይታወቅም።
• በጊንጥ የተነደፈ ሕፃን ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።
• የተነደፈውን ስፍራ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና በእሳት መተኮስ መርዙን አያወጣም፤ ተጨማሪ ጉዳት ያስከትላል፤ ጊዜም ያባክናል።

ጊንጥ ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?

ጊንጥ ከሸረሪትና ከመዥገር ጋር የሚዛመድ፣ ስምንት እግሮች፣ ሁለት መቆንጠጫዎችና በአንጓዎች የተያያዘ ጅራት ያለው እንስሳ ነው። በግእዝ ዐቅራብ ይባላል። በጅራቱ ጫፍ ላይ በምትገኘው አበጥ ያለች ከረጢት ውስጥ ሁለት የመርዝ ዕጢዎች አሉት። መርዙ ከእነዚህ ዕጢዎች ተነሥቶ በሹሉ መንደፊያ በኩል ወደ ተነዳፊው ሥጋ ይገባል። ጊንጥ ቀን ከድንጋይና ከግንድ ሥር፣ በግድግዳ ስንጥቅ ወይም በጉድጓድ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ነፍሳትን ለማደን ይወጣል። ሰውን የሚነድፈው ሲረገጥ፣ ሲጨበጥ ወይም ሲጨነቅ ራሱን ለመከላከል ነው።

በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ የጊንጥ ዝርያዎች የሚታወቁ ሲሆን፣ ለሰው ሕይወት የሚያሰጉት ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቡቲዴ ከተባለው ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። በአገራችን ከዚሁ ቤተሰብ ፓራቡተስና ሆተንቶታ የተባሉት ወገኖች ይገኛሉ። የአፍሪካ ቀንድ በጊንጥ ዝርያዎች የበለጸገ አካባቢ ነው፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከዚህ አካባቢ ለለዩት አዲስ ወገን መጠሪያ ያደረጉት «ጊንጥ» የሚለውን የአማርኛ ቃል ነው።

በአጠቃላይ አነጋገር መቆንጠጫው ቀጭን፣ ጅራቱ ወፍራም የሆነ ጊንጥ ከባድ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቆንጠጫው ትልቅ፣ ጅራቱ ቀጭን የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ መርዙ ቀለል ያለ ነው። ይህ ግምታዊ መለያ በመሆኑ አንድን ተነዳፊ ወደ ጤና ተቋም ላለመውሰድ ምክንያት ሊሆን አይገባም። የጊንጡ ቀለምና መጠንም የመርዙን ክብደት አያሳዩም።

የመርዙ ይዘትና ቅርጽ

የጊንጥ መርዝ አንድ ወጥ ንጥረ ነገር አይደለም። ውሃ፣ ልዩ ልዩ ጨዎች፣ ኢንዛይሞችና በርካታ ጥቃቅን ፕሮቲኖች የተቀላቀሉበት ፈሳሽ ነው። በአንድ ዝርያ መርዝ ውስጥ ብቻ ከመቶ በላይ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ሊገኙ ይችላሉ። በሰው ላይ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሱት ፔፕታይድ የሚባሉት አጫጭር ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ በሳይንሳዊ አጠራር ቶክሲን ይባላሉ።

ማንኛውም ፕሮቲን አሚኖ አሲድ በሚባሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ ቅንጣቶቹ በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ተከታትለው ይያያዛሉ። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን 574 አሚኖ አሲዶች አሉት። የጊንጥ ቶክሲኖች ግን እጅግ ያነሱ ናቸው። በሁለት ዋና ዋና ምድቦች ሊታዩ ይችላሉ፦

• ረዘም ያሉት፦ ከ58 እስከ 76 አሚኖ አሲዶች ያሏቸው ሲሆኑ፣ በዋናነት የነርቭን የሶዲየም በር ያጠቃሉ።
• አጠር ያሉት፦ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 40 ገደማ አሚኖ አሲዶች ያሏቸው ሲሆኑ፣ በዋናነት የፖታሲየምን በር ይዘጋሉ።

የሁለቱም ምድብ ቶክሲኖች አጣጣፍ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ክፍል እንደ ጥምዝ ጸጉር የተጠቀለለ ሲሆን፣ ከጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያሉ ዘርፎች ተነጥፈዋል። እነዚህን ክፍሎች አጥብቀው የሚያስተሳስሩት በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት የድኝ ድልድዮች ናቸው። ሲስቴይን የተባለው አሚኖ አሲድ በውስጡ ድኝ ስላለው፣ ሁለት ሲስቴይኖች ሲገናኙ ጠንካራ ድልድይ ይሠራሉ። አንድ ትንሽ ፕሮቲን በእንዲህ ያሉ ድልድዮች ሲታሰር ቅርጹ በቀላሉ አይፈታም፤ ሙቀትንም ሆነ የሰውነትን ፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይሞች ይቋቋማል።

ይህ ባሕርይ ለዕለት ተዕለት ሕይወት ሁለት ትምህርቶችን ይሰጣል። አንደኛ፣ ቶክሲኖቹ ጥቃቅን በመሆናቸው ከተነደፈው ስፍራ ወደ ደም በፍጥነት ይገባሉ። በብዙ ዝርያዎች መርዝ ውስጥ የሚገኘው ሃያሉሮኒዴዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ በሕዋሳት መካከል ያለውን አያያዥ ነገር በማላላት መንገዱን ይጠርግላቸዋል። ስለዚህ ቁስሉን መብጣትም ሆነ መምጠጥ አይደርስባቸውም። ሁለተኛ፣ የድኝ ድልድዮቹ ስለሚያጸኗቸው የተነደፈውን ስፍራ በፍም ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ቆዳን ከማቃጠል በቀር መርዙን አያከሽፍም።

መርዙ በነርቭ ላይ የሚሠራው እንዴት ነው?

የነርቭ ሕዋስ መልእክት የሚያስተላልፈው በግድግዳው ላይ ያሉትን ጥቃቅን በሮች በመክፈትና በመዝጋት ነው። የሶዲየም በር ሲከፈት ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ መልእክቱም ይጀምራል። ከዚያ የሶዲየሙ በር ይዘጋል፤ የፖታሲየሙ በር ተከፍቶ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል፤ ነርቩም ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

የጊንጥ ቶክሲኖች ይህን ሥርዓት በሦስት መንገድ ያዛባሉ፦

• አልፋ የሚባሉት ቶክሲኖች የተከፈተው የሶዲየም በር በወቅቱ እንዳይዘጋ ያደርጋሉ፤ መልእክቱም ከሚገባው በላይ ይረዝማል።
• ቤታ የሚባሉት ቶክሲኖች በሩ ጊዜው ሳይደርስ በትንሽ መነሻ እንዲከፈት ያደርጋሉ፤ ነርቩም ያለ ምክንያት መልእክት ይልካል።
• የፖታሲየም በር የሚዘጉት ቶክሲኖች እንደ ውታፍ የበሩን አፍ ይደፍናሉ፤ ነርቩም ወደ ዕረፍት መመለሱ ይዘገያል።

የሦስቱም ውጤት ተመሳሳይ ነው፦ ነርቮች ያለ ዕረፍት ይቀሰቀሳሉ። በተነደፈው ስፍራ ያሉት የሕመም ነርቮች ብርቱ የማቃጠል ስሜት ያስከትላሉ። መርዙ በደም ከተሰራጨ በኋላ ደግሞ ከፈቃዳችን ውጭ ልብን፣ ሳንባን፣ አንጀትንና ዕጢዎችን የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ይታወካል። በመጀመሪያ ላብ፣ ምራቅና ትውከት ይበዛሉ። በመቀጠል አድሬናሊንና መሰል ንጥረ ነገሮች በብዛት ወደ ደም ይለቀቃሉ፤ የደም ግፊት ያሻቅባል፤ የልብ ጡንቻ ይደክማል፤ በከባድ ሁኔታም ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። በጊንጥ ከተነደፉ ሰዎች መካከል ለሚከሰተው ሞት ዋናው ምክንያት ይህ የልብና የሳንባ ድካም ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በጊንጥ እንደሚነደፉና ከ3,000 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ይገመታል።

ሕፃናት የበለጠ የሚጎዱት ለምንድን ነው?

ጊንጥ የሚለቀው የመርዝ መጠን በተነዳፊው ዕድሜ አይወሰንም። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎልማሳና 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን እኩል መጠን ያለው መርዝ ቢገባባቸው፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ሕፃኑ የሚደርሰው መርዝ የጎልማሳውን ስድስት እጥፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ ሕፃን የደረሰበትን በቃል ማስረዳት አይችልም። በድንገት አምርሮ የሚያለቅስ፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ ምራቁ የሚዝረበረብና የሚያስታውክ ሕፃን ካለ፣ በተለይ በምሽት፣ ልብሱንና መኝታውን በጥንቃቄ መፈተሽ ያስፈልጋል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡር እናቶችና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ልዩ ክትትል ያሻቸዋል።

የሕመም ምልክቶች

ቀላል ምልክቶች፦ በተነደፈው ስፍራ የማቃጠል ሕመም፣ መደንዘዝ፣ መጠነኛ እብጠት ወይም መቅላት። በርካታ ከባድ ንድፊያዎች በቆዳ ላይ ይህ ነው የሚባል ምልክት ስለማይተዉ፣ እብጠት አለመኖሩ ደኅንነትን አያረጋግጥም።

ከባድ ምልክቶች፦
• ከልክ ያለፈ ላብና የምራቅ መዝረብረብ፤
• የተደጋገመ ትውከት፤
• የልብ ምት መፍጠን፣ መዘግየት ወይም መዘበራረቅ፤
• የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፤
• የትንፋሽ ማጠር፣ ሳል ወይም አረፋ ያለው አክታ፤
• የጡንቻ መንዘርዘር፣ የዓይን ያለ ፈቃድ መንከራተት ወይም የሰውነት መንፈራገጥ፤
• ለመዋጥ መቸገር፣ የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም የንግግር መጎተት፤
• በወንዶች ልጆች ላይ ያለ ምክንያት የሚቆይ የብልት መቆም።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሁኔታው አስቸኳይ ነው። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከሰታሉ። የመዋጥና የመተንፈስ ችግር በተለይ በደቡብ አፍሪካና በዚምባብዌ በፓራቡተስ ጊንጦች በተነደፉ ሰዎች ላይ በሚገባ የተመዘገበ ነው።

የመጀመሪያ እርዳታ

1. ተነዳፊውን ከስፍራው ያርቁ፤ ያረጋጉ፤ እንዲቀመጥ ወይም እንዲተኛ ያድርጉ።
2. ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ልብስ ያውልቁ።
3. የተነደፈውን ስፍራ በውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉበት።
4. የተነደፈው እጅ ወይም እግር ብዙ እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉ።
5. የተነደፈበትን ሰዓት ያስታውሱ ወይም ይመዝግቡ፤ ለባለሙያው ጠቃሚ መረጃ ነው።
6. ተነዳፊውን በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ከልክ በላይ የሚያስታውክ ወይም ለመዋጥ የሚቸገር ከሆነ በአፉ ምንም አይስጡት።

አንዳንድ የፓራቡተስ ዝርያዎች መርዛቸውን ወደ ፊት የመርጨት ችሎታ አላቸው። መርዝ ወደ ዓይን ከገባ ዓይኑን ሳያሹ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ማድረግ የማይገባው፦ በገመድ ወይም በጨርቅ አጥብቆ ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ፣ መተኮስ፣ በተነደፈው ስፍራ ላይ ናፍጣ ወይም ሌላ ኬሚካል ማፍሰስ፣ አልኮል ማጠጣት እንዲሁም ጊንጡን ለመያዝ ሲሉ ለሌላ ንድፊያ መጋለጥ። በባህላዊ መንገድ የታከሙ ብዙ ሰዎች የሚድኑት አብዛኛው ንድፊያ በተፈጥሮው ቀላል በመሆኑ ነው። ከባዱ ንድፊያ በሚያጋጥምበት ዕለት ግን በቤት ውስጥ የባከነው ሰዓት ሊተካ አይችልም።

በጤና ተቋም የሚሰጥ ሕክምና

ሕክምናው እንደ ምልክቱ ክብደት ይለያያል። ቀላል በሆነው ንድፊያ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል፤ አስፈላጊ ሲሆን ስፍራው በማደንዘዣ መርፌ ይደነዝዛል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሁኔታም ይታያል። ሕፃናት ምልክት ባይታይባቸውም ለተወሰኑ ሰዓታት በክትትል ሥር ይቆያሉ። በከባዱ ንድፊያ ኦክስጅን፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ክትትል እንዲሁም የአድሬናሊንን ማዕበል የሚገታ መድኃኒት ያስፈልጋል። ለዚህ ተግባር ፕራዞሲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በሕንድ በስፋት ጥቅም ላይ ውሎ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ታድጓል።

ጸረ መርዝ መድኃኒት የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መርዝ እየተሰጣቸው ከቆዩ ፈረሶች ደም ከሚገኙ ጸረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ አካላት ቶክሲኑን የሚይዙት በቅርጹ ስለሆነ፣ ለአንድ ዝርያ የተዘጋጀ መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ለእባብ መርዝ የተዘጋጀው ደግሞ ለጊንጥ አያገለግልም። መድኃኒቱ የሚጠቅመው በደም ውስጥ ያለውን ቶክሲን ስለሚይዝ ነው፤ የተለቀቀውን አድሬናሊንም ሆነ የደከመውን ልብ ወደ ነበሩበት አይመልስም። ፈጥኖ የመድረስ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ጸረ መርዝ በሁሉም ጤና ተቋም የሚገኝ መድኃኒት አይደለም። ይህ ግን በቤት ለመቆየት ምክንያት አይሆንም፤ ኦክስጅን፣ ክትትልና ተገቢ መድኃኒት በወቅቱ ካገኙ ያለ ጸረ መርዝም የሚድኑ ሕሙማን ብዙ ናቸው።

የጨለለቅቱና የአካባቢዋ ነዋሪዎች አገልግሎቱን ስለሚያገኙበት ሁኔታ

በኮቸሬ ወረዳ የምትገኘው ጨለለቅቱ ቡና፣ እንሰትና ጥላ ዛፎች በአንድነት በሚለሙበት በጌዴኦ ምድር ያለች ከተማ ናት። ይህ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጊንጥ በብዛት የሚኖረው ሞቃትና ደረቅ በሆነው ቆላ ነው። ስለሆነም ስጋቱ ከቡሌ ደጋ ይልቅ በዞኑ ዝቅተኛ ስፍራዎችና ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ይበረታል፤ ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ የሚወርዱ ነዋሪዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

• በቀበሌዎ ጤና ኬላ የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የመጀመሪያ እርዳታ ይሰጣሉ፤ ተነዳፊው ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚላክበትን መንገድም ያመቻቻሉ።
• ሕፃን ከተነደፈ ወይም ከባድ ምልክት ከታየ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የወረዳውን አምቡላንስ ይጥሩ።
• ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆኑ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። በዞኑ ዋና ከተማ በዲላ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል።
• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ የአባልነት መታወቂያዎን ይያዙ፤ የላከዎት ተቋም የሰጠውን የሪፈር ወረቀትም አይርሱ።

ቅድመ ጥንቃቄ

• ጫማና ልብስ ከመልበስዎ በፊት ያራግፉ፤ ሌሊት በባዶ እግር አይሂዱ፤ ብርሃን ይያዙ።
• የቡና ለቀማ በሚካሄድበት ወቅት ከመሬት የወደቀ ፍሬ ሲሰበስቡ፣ ድንጋይ ሲያነሡና የማገዶ እንጨት ሲለቅሙ እጅዎን ወደማያዩት ስፍራ አይስደዱ።
• የቡና ማድረቂያ አልጋ የሚጠብቁ ሠራተኞች በመሬት ላይ ባይተኙ ይመረጣል፤ የሚተኙ ከሆነ አጎበሩን ከመኝታው ሥር አጥብቀው ይሸጉጡ።
• የሕፃናትን መኝታ ከግድግዳ ያርቁ፤ የግድግዳና የወለል ስንጥቆችን ይምረጉ።
• የድንጋይና የእንጨት ክምር ከመኖሪያ ቤት ራቅ ብሎ ይቀመጥ።
• ጊንጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። በዚህ ብርሃን የሚሠራ የእጅ ባትሪ ያላቸው ሰዎች ግቢያቸውን በሌሊት መፈተሽ ይችላሉ።

መርዙ ለሳይንስ ያበረከተው ጥቅም

የቶክሲኖቹ ቅርጽ ከነርቭ በሮች ጋር በትክክል የሚገጥም መሆኑ ለተመራማሪዎች መሣሪያ ሆኗቸዋል። በሱዳንና በግብፅ በሚገኘው ሌዩረስ በተባለው ጊንጥ መርዝ ውስጥ ያለው ካሪብዶቶክሲን 37 አሚኖ አሲዶች አሉት። ሮድሪክ ማኪነን የፖታሲየምን በር አፍ ለመለየት ይህን ቶክሲን ተጠቅመዋል፤ ስለ እነዚህ በሮች ባደረጉት ምርምርም እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚሁ ጊንጥ የተገኘው ባለ 36 አሚኖ አሲድ ክሎሮቶክሲን ደግሞ ከአንዳንድ የአንጎል ዕጢ ሕዋሳት ጋር የመጣበቅ ባሕርይ ስላለው፣ በቀዶ ሕክምና ወቅት ዕጢውን በብርሃን ለይቶ ለማሳየት እንዲያገለግል በሰዎች ላይ ተሞክሯል። ሌሎች የመርዙ ክፍሎች ባክቴሪያን ለመከላከልና ነፍሳትን ብቻ ለይቶ ለማጥፋት ይጠቅሙ እንደሆነ እየተጠኑ ነው። ይህ ሁሉ በቤተ ሙከራ የሚከናወን ምርምር በመሆኑ ጊንጥን ወይም መርዙን በቤት ውስጥ ለመድኃኒትነት መጠቀም አደገኛ ነው።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጊንጡ ካልተያዘ ሕክምና ማግኘት ይቻላል?
አዎን። ሕክምናው የሚሰጠው በሚታዩት ምልክቶች መሠረት ነው። አደጋ ሳይኖረው በስልክ ፎቶ ማንሣት ከተቻለ ግን ባለሙያውን ይረዳል።

ከዚህ በፊት የተነደፈ ሰው መርዙን ይለምደዋል?
እንዲህ ያለ አስተማማኝ መከላከያ የለም። ቀድሞ ቀላል ሕመም ብቻ የነበረው ሰው በሌላ ጊዜ በከባድ ሁኔታ ሊታመም ይችላል።

ሕመሙ ከቀነሰ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል?
ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለልብ ሕሙማን ያስፈልጋል። ጤናማ ጎልማሳ ሕመሙ በተነደፈው ስፍራ ብቻ ተወስኖ ከቀነሰ ለብቻው ሳይሆን ከሰው ጋር ሆኖ ራሱን ይከታተል፤ ከላይ ከተዘረዘሩት ከባድ ምልክቶች አንዱ ከታየ ወዲያውኑ ይሂድ።

ለተጨማሪ መረጃ በቀበሌዎ የሚገኙትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያነጋግሩ፤ ወይም በጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952 ይደውሉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በሚሰጥባቸው አካባቢዎች 907 መደወል ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተዘጋጀ በመሆኑ የጤና ባለሙያን ምርመራና ውሳኔ አይተካም።